እናቴ ያለቀሰችበት ፊልም

ያንን ፊልም አልጭንም። ስልኩን ይዞ መጥቶ «ያ እዚህ እኛ አገር የተሠራውን ጫኚልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልጭንም እለዋለሁ። «የለሽም እንዴ?» ይላል። አለኝ፤ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ግን አልጭንም። «ኧረ ሴትዮ ምን ነክቶሽ ነው?» ይላል። የነካኝን ይኸው ዛሬ እጽፈዋለሁ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ ይህን አንብብ ብዬ እገላገላለሁ።

ሱቄ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ናት። ሥራዬ ለሰው ስልክ ዘፈንና ፊልም መጫን ነው። ደንበኞቼ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ የገበያ ቀን ከገጠር የሚወጡ ጎረምሶችና ለቤታቸው መዝሙር የሚያስጭኑ እናቶች ናቸው። የሱቄ ሕግ አንድ ነው፤ አልበም ሙሉውን ይጫናል እንጂ ተቆራርጦ አይጫንም። «ሦስተኛዋን ብቻ» የሚለኝ አለ። «ሥጋ ቆርጠው የሚሸጡት ልኳንዳ ቤት ነው፤ ልኳንዳ ቤቱ ከፊት ለፊት አለልህ» እለዋለሁ። አንዳንዱ ስቆ ሙሉውን ያስጭናል፤ አንዳንዱ ተሳድቦ ይሄዳል። ይሂድ! የሚቀርብኝ ነገር የለም ብዬ አልዋሽም፤ ይቀርብኛል። ግን አልበም የሠራ ሰው የመጀመሪያዋን ዘፈን መጀመሪያ፣ የመጨረሻዋን መጨረሻ ያደረገው ዝም ብሎ አይደለም።

አንድ አሮጌ አልበም አለ፤ ማሲንቆ፣ ከበሮና አንዲት ሴት፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሰው ሁሉ ሁለተኛዋን ዘፈን ይወዳል፤ ሠርግ ቤት የሚጨፈርባት እሷ ናት። ለእኔ ግን የመጨረሻዋ ናት አልበሟ። ሴትዮዋ ሲደክማት ይሰማል። ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል፤ ትንፋሽዋን ስትስብ ይሰማል፤ አላጠፉትም። ያን ሁሉ ስታስጨፍረን ቆይታ ደክሟት ስትቀመጥ እናያታለን ማለት ነው። ይህቺን ዘፈን ለብቻዋ ብትሰማት ምንም አይደለችም። የፊተኞቹን ሁሉ ሰምተህ ስትደርስባት ነው አንጀትህን የምትበላው። ይህን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ሳስረዳው «አንቺ እኮ ጋዜጠኛ መሆን ነበረብሽ» አለኝ። ጋዜጠኛ ምን ያደርግልኛል? እኔ ሱቅ አለኝ።

ከሾፌሮች ጋር ደግሞ የምጣላው በሊማሊሞ ነው። ቁልቁለቱን ሊወርዱ ሲሉ ሞቅ ያለ ነገር ጫኚልን ይላሉ፣ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ሊማሊሞን በጭፈራ የሚወርድ ሰው የሚቸኩለው ወደ መቃብሩ ነው። ለሊማሊሞ የሚሆነው ዝግ ያለ አልበም ነው፤ ክራር ያለበት፣ ዘፋኙ የማይጮህበት። ታች ዛሪማ ስትደርስ ያኔ የፈለግኸውን ጨፍር። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ብቻ ናቸው የሰሙኝ፤ ሲመለሱ ሁሉ ጊዜ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የአንቺው ይሻላል» ይሉኛል።

አዳዲሶቹን አልበሞች በተመለከተ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። ግን እናገራለሁ። ድምፁን በኮምፒዩተር አሽተው አሽተው የሰው መሆኑን ያስረሱት ዘፈን ለእኔ ዘፈን አይደለም። አሥር ዘፈን በአንድ ኪቦርድ፣ በአንድ ምት፣ «ናፈቅሽኝ»፣ «ናፈቅሽኝ»፣ «ናፈቅሽኝ»። ሂድና እያት እንግዲህ፤ ከናፈቀችህ ባጃጅ አለ!

ፊልሞቹ ይብሳሉ። ትልቅ ቪላ አለ፤ ቪላው ውስጥ ደረጃ አለ፤ ልጅቷ ከደረጃው ትወርዳለች። አባትየው ሀብታም ነው፤ ድሃውን ልጅ አይወደውም፤ በመጨረሻ ይወደዋል። ገጠር ሲያሳዩማ ጭራሽ! ከሱቅ የወጣ አዲስ ጋቢ ያለበሱትን ገበሬ ያቆሙና ሲያሞኙት ይውላሉ። የእኛ አገር ገበሬ ቢያያቸው «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነዋል?» ነው የሚለው። እኔ ይህን ስናገር ጓደኞቼ «አንቺ ምን ይጥምሻል!» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ሞኝ የያዘውን አይለቅም» ትለኛለች። አልለቅም።

የሚጥመኝ ግን ነበር። አንድ ዳይሬክተር። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። የመጀመሪያው ፊልሙ አንዲት ሴት መናኸሪያ ቁጭ ብላ ወንድሟን ስትጠብቅ ነው። አውቶብሶቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ወንድሟ አይመጣም። ሰዉ ሄዶ ያልቃል፤ መናኸሪያው ይጠረጋል፤ ካሜራው ግን አይሄድም። እሷ ራሷ ተነሥታ ቀሚሷን እስክታራግፍ ድረስ አብሯት ይቀመጣል። ሁለተኛው ደግሞ አባትና ልጅ የእንጨት በር ተሸክመው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ነው። በቃ ይኸው ነው ፊልሙ። አብረውኝ ያዩት ሁሉ አዛጉ። እኔ ግን አባትየው በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲቀመጥና ልጁ ውኃ ሲሰጠው እንባዬ መጣ፤ ምክንያቱም ውኃውን ጠጥቶ እስኪጨርስ አልቆረጠውም። ሌላው ቢሆን ጣሳው አፉ ሲነካ ይቆርጠዋል። ይህ ሰው ግን ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ አይቆርጥም ብዬ ለስንቱ ተከራከርኩ መሰላችሁ! ይህን ሰው አምን ነበር። ከዘመዴ በላይ አምነው ነበር።

እና አንድ ቀን መጣ። እኛው አገር ሊቀርጽ፣ ኮሶዬ አርፎ፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል ያለውን ገደላ ገደል ሲዞር ሰነበተ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ «መናኸሪያው ጋ አንዲት ፊልም ያሳበዳት ሴት አለች» ብለው ወደ እኔ ላኩት። ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሳየው ያስጭን የነበረውን ደንበኛ ስልክ ይዤ ቀረሁ። ስለ በሩ ፊልም ነገርኩት፤ ስለ ውኃው። እስክጨርስ ሰማኝና «ያንን አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽልኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ሱቄን ለእህቴ ትቼ ተከተልኩት።

ሥራዬ ሁለት ነበር። አንደኛው ሪፍሌክተር መያዝ፤ ፀሐይን ወደ ተዋናዩ ፊት የሚመልስ ብርማ ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ከአገሬው ጋር ማግባባት። እናቴ ሰሌዳ ተሸክሜ ልውል መሆኑን ስትሰማ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ከሳቋ መለስ ብላ «ገደል አፍ ላይ አትቁሚ» አለች። እሷ የምትኖረው ከምንቀርጽበት ቦታ ማዶ ነው። ሸለቆ ነው በመሃል ያለው፤ በዓይን ቅርብ፣ በእግር ሩቅ። እኛ በገደሉ ጠርዝ ወዲያ ወዲህ ስንል ከደጇ ሆና ታየን ነበር። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ የሚባል ነገር ስላልነበረ መደወል አትችልም፤ ማየት ብቻ ነው።

የፊልሙ ታሪክ አንዲት ወጣት ከገደል ወድቃ መሞቷ ነው። ስለዚህ ልቅሶ ያስፈልጋል፤ ልቅሶ ደግሞ ሙሾ አውራጅ ያስፈልገዋል። አገሩን ሁሉ ቢጠይቁ የተጠራችው እናቴ ሆነች። ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች ይላሉ፤ እውነት ነው፤ የአባቴን ልቅሶ ያየ ያውቃል። ዳይሬክተሩ ከእኔ ጋር እቤቷ ድረስ ሄደ። ጠላ ቀዳችለት፤ ቆሎ አቀረበችለት፤ የሚለውን ሁሉ ሰማችው። ከዚያ፦

«የሞተችው ማን ናት?» አለችው።

«የሞተች የለችም እማማ፤ ለፊልም ነው» አለ።

«ታዲያ ላልሞተ ሰው ምን ብዬ ነው የማለቅሰው? ሟርት እኮ ነው፣ ልጄ። እኔ ሙሾ የማወርደው ሰው ሲሞት ነው። አንተ ደግሞ ሰው ሲሞትብህ ጥራኝ፤ ያኔ እመጣልሃለሁ» አለችና ዋንጫውን ሞላችለት። ስንወጣ «አግባቢያት እንጂ» አለኝ። አላግባባትም አልኩት። እናቴን አውቃታለሁ፤ ደግሞም ልክ ናት።

ሌላ ሙሾ አውራጅ ከሩቅ አመጣ። ቀጥሎ ደግሞ ጥሩምባ አማረው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይነሣል። የእድሩን ጥሩምባ እንዲያውሱት ሰብሳቢውን ቄስ ለመናቸው። እሳቸውም፦

«ልጄ፣ ይቺ ጥሩምባ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሞተ ማለት። ዛሬ ዋሽታ ከጠራቻቸው፣ ነገ እውነቱን ስትናገር ማን ይነሣል?» አሉት።

እጃቸውን ስሞ ወጣና ከጎንደር ሌላ ጥሩምባ አስመጣ። ያኔ እኔም አፍ አውጥቼ ነገርኩት። «እዚህ የተነፋ ማዶ ይሰማል፤ ሰው ይመጣል» አልኩት። ሳቀ። «ይምጣ! አጃቢ አነሰን እንጂ ምን በዛብን» አለኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የቀረጻው ዕለት ጠዋት ጉሙ ቶሎ ገፈፈ። ቃሬዛ ላይ በገለባ የተሞላ ጆንያ አስተኝተው ጋቢ አለበሱት። ከከተማ የተሰበሰቡት አልቃሾች ቆሙ። እኔ ከካሜራው ጎን ብርማውን ሰሌዳዬን ወደ ሙሾ አውራጇ አዙሬ ፊቴ ከኋላው ተሸፍኖ ቆሜያለሁ። ጥሩምባው ተነፋ። አንዴ ብቻ ይነፋል ተብሎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ድምፁን ወደደውና ድገመው አለ። ሰውየው ደገመው።

መጀመሪያ የመጡት ከታች አውድማ ላይ የነበሩት ናቸው፤ መንሻቸውን እንደያዙ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከየአቅጣጫው «ወዮ! ወዮ!» እያሉ መጡ። እኛ አገር ልቅሶ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ሳያለቅሱ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን እየደቁ ቃሬዛውን ከበቡት። የከተማዎቹ አልቃሾች ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሙሾ አውራጇም ሙሾዋን አቋረጠች። ሰሌዳውን ይዤ «አስቁመው፣ እነዚህ ሰዎች እውነት መስሏቸው ነው» አልኩት በሹክሹክታ። «ዝም በይ» አለኝ፤ ለካሜራ ባለሙያው ደግሞ «እንዳታቆም» አለው። ቀልዱ ቀልድ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

እናቴን ያየኋት ከዚህ በኋላ ነው።

ሸለቆውን ወርዳ፣ ወጥታ፣ እንዴት እንደደረሰች እስካሁን አላውቅም። ነጠላዋ የለም። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ፀጉሯ ተበትኗል። ከደጇ ሆና በገደሉ ጠርዝ ስታየኝ የሰነበተች፣ የጎንደሩን ጥሩምባ ወሬ ያልሰማች ሴት፣ ከዚያው ከገደሉ አፍ ጥሩምባ ሲነፋ ምን ልታስብ ትችላለች? ማንንም አላየችም፤ ቀጥ ብላ ጋቢ የለበሰው ጆንያ ላይ ወደቀች። ከዚያ ቀና ብላ ሙሾ አወረደች፦

«ዘፈን ሻጯ ልጄ፣ ምነው ዝም አለችኝ፣
ሰው ልትቀርጽ ሄዳ፣ ከገደል ቀረችኝ።»

ሰው በቁሙ የራሱን ሙሾ ሰምቶ ያውቃል? እኔ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያ ስለማን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። ወገብን የሚቆርጥ ድምፅ ነበር። ዘፈን ሻጯ የምትለው እኔን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዳይሬክተሩን ዞር ብዬ አየሁት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ በርቶ፣ ፈገግ ብሏል። የበሩን ፊልም ሳይ እኔ ፈገግ እንዳልኩት ማለት ነው። ያቺ እናቴ መሆኗን ያውቃል፤ ጠላዋን ጠጥቷል።

ሰሌዳውን ለቀቅሁት። ንፋስ ይዞት ገደል ገባ። «አትግቢ! ፍሬም ውስጥ አትግቢ!» ብሎ ጮኸ። የምወደው ዳይሬክተር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያደነቅሁት ሰው፣ እናቴ ጋ እንዳልሄድ ጮኸብኝ። ገባሁ! ዛሬም ቢሆን እገባለሁ። የዓለም ትልቁ ፊልም ቢሆንም እገባለሁ።

«እማዬ፣ አለሁ! አልሞትኩም! ይኸው አለሁ!» አልኳት። ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ፊቴን ዳሰሰችው፤ ክንዴን ዳሰሰችው። ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ። «ገደል አፍ ላይ አትቁሚ አላልኩሽም!» አለች። ከዚያ ነው አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እልል ያለችው። እንደዚያ ያለ እልልታ በጥምቀትም በሠርግም ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነገሩ እንደገባቸው ተቀበሏት። ያ ሁሉ ልቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ከቃሬዛው ዙሪያ እልል አለ። አንዱ ሽማግሌ ጆንያውን ገልጠው ገለባ ሲያዩ «ወይ ጉድ! ገለባ ነው እንዴ ያስለቀሰን!» አሉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ካሜራው ይህን ሁሉ ቀርጿል። ባለሙያው እንዳታቆም ተብሏላ፣ አላቆመም።

ሰዉ ሲረጋጋ የእድሩ ሰዎች ቀራጮቹን ሊደበድቧቸው ነበር፤ ቄሱ ናቸው መስቀላቸውን ይዘው መካከል ገብተው ያበረዱት። ዳይሬክተሩ እናቴ እግር ላይ ወደቀ። ይቅርታ ለመነ። ይቅርታው እውነት ይመስለኛል፤ አልዋሽበትም። ግን እዚያው እግሯ ሥር እንዳለ «እማማ፣ የእርስዎን ፊት ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው ነው የኖርኩት፤ ይፍቀዱልኝ» አላት። እኔ አይሆንም ልል አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«ስማኝ፣ ልጄ» አለችው። «ልጄን በቁሟ አልቅሼባታለሁ። ይህ ክፉ ነገር ነው። በእልልታ ሻርኩት። ልቅሶዬን የምትወስድ ከሆነ እልልታዬንም ውሰድ። አንዱን ያለ አንዱ እንዳትወስድ።»

«ቃሌ ነው» አለ። ቄሱም ሰሙ፤ እድሩም ሰማ፤ እኔም ሰማሁ። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አመንኩት፤ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ የማይቆርጥ ሰው ነውና።

ፊልሙ በዓመቱ ወጣ። ጎንደር ሲታይ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ አየሁት። ያ ትዕይንት ሲመጣ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ መጣች፣ ወደቀች፣ ሙሾዋን አወረደች፣ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ ጠቆረ። ሌላ ትዕይንት፤ የሚነዳ መኪና። እልልታ የለም። እኔ የለሁም።

ደወልኩለት። አላመነታም፣ አነሣው። «ታውቂያለሽ እኮ፣ ፊልም ታውቂያለሽ» አለኝ። «የታሪኩ ልጅ ሞታለች። እልልታው ከገባ ታሪኩ ይፈርሳል።» እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን፤ እንደ ፊልም ወዳጅ ከሆነ ልክ ነው። ማንም ፊልም የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚቆርጠው። ግን «የታሪክህ ልጅ ሞታ ይሆናል፤ እናቴ ያለቀሰችው ግን ለታሪክህ ልጅ አይደለም። ያለቀሰችው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ አለሁ» አልኩት። ፊልምህ በታየ ቁጥር እናቴ እንደገና ትቀብረኛለች፤ ማንም ደርሶ አለሁ አይላትም፤ እዚያ ጥለሃት ሄድክ፤ ያንን ውኃ የሚጠጣ ሰውዬ ጠጥቶ እስኪጨርስ የጠበቅኸው አንተ እናቴን መጠበቅ አቃተህ፤ ይህን ሁሉ አልኩት። «ስሜትሽ ይገባኛል» አለ። ስሜቴ እንዲገባው አልነበረም የደወልኩት። ዘጋሁበት።

ለእናቴ ነገርኳት። እንዳልነግራት ጓደኞቼ መክረውኝ ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ ነው።

«ቆርጦታል» አልኳት።

«ምኑን?»

«እልልታውን።»

ገብስ ታበጥር ነበር። የያዘችውን አበጥራ ጨረሰች። ከዚያ «ደባርቅ የሚያሳየው መቼ ነው?» አለችኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የከተማው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ዳይሬክተሩም ተዋናዮቹን ይዞ መጣ፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው፤ የፊት ወንበር ላይ ከባለሥልጣናቱ ጋር ተቀመጠ። እናቴ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። መሃል አካባቢ ተቀመጥን፤ ከኋላችን የእድሩ ሰዎች፣ አውድማ ላይ የነበሩት፣ ቄሱም ጭምር። ፊልሙ ሲጀመር የራሳቸውን ተራራ ስክሪን ላይ አይተው ሰዉ ሁሉ ተንጫጫ። እናቴ ግን እጄን ይዛለች።

ያ ትዕይንት መጣ። ጥሩምባው ሲነፋ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ከልማዳቸው የተነሣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሰማሁ። እናቴ ራሷን አየች፤ ያለ ነጠላ፣ በአንድ ጫማ፣ ጆንያ ላይ ስትወድቅ። ሙሾዋን ስትሰማ እጄን እስኪያመኝ አጠበቀችው። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ጠቆረ።

እናቴ እጄን ለቀቀችና ተነሥታ ቆመች። እኔንም በክንዴ ሳበችኝ፤ ተነሣሁ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን እኛ ላይ አረፈና የሁለታችን ጥላ ስክሪኑ ላይ ካለው መኪና ላይ ወደቀ። «ቁጭ በሉ!» የሚል ድምፅ ከፊት መጣ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ እልል አለች። ልክ እንደዚያን ቀን። ከኋላችን ያሉት ሴቶች ጊዜ አልፈጁም፤ እነሱም የዚያን ዕለት እዚያ ነበሩ፣ መጨረሻውን ያውቁታል። እልል አሉ። ከዚያ የማያውቁትም፣ የከተማዎቹም፣ ፖፕኮርን የያዙት ልጃገረዶችም፣ አዳራሹ በሙሉ። ስክሪኑ ላይ መኪናውን የሚነዳው ሰውዬ ይናገራል፤ የሚለውን የሚሰማ የለም። ዳይሬክተሩ ከፊት ወንበር ዞሮ አየን። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጄን አነሣሁለት፤ ይኸው እዚህ ነኝ ለማለት ነው። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ።

ስለዚህ ያንን ፊልም አልጭንም። ሙሉውን አይደለማ! ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ደባርቅ ይምጣና እናቴ ያለችበት አዳራሽ ውስጥ ይይ። የዚያን ዕለት እልልታው ቀስ በቀስ ሲበርድ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ እኔንም ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ጮክ ብላ፣ የፊት ወንበሩ እንዲሰማ አድርጋ «በሉ፣ አሁን ይቀጥል» አለች።